የጤነኛዋ ተራ

የእታለም እናት ቤት ስልክ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አቧራ ከመጠጣት በቀር ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ሰው ሁሉ ስልኩን በኪሱ ይዞ በሚዞርበት ዘመን ያ ባለ ገመድ ስልክ የተረፈው፣ እናትየው “ድንገት የድሮ ሰው ቢፈልገንስ?” እያለች፣ ቤት ስትቀይር እንኳ ቁጥሩን አስዛውራ፣ አላስነቅል ስላለች ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ የእረፍት ቀን ረፋድ ላይ ያ ስልክ ጮኸ። እናትየው እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከኩሽና መጣችና አነሳችው። “አቤት?” አለች። አዳመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ። “ተሳስተዋል” ብላ ዘጋችው።

“ማነው?” አለች ልጇ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ እግሯን እንደሰቀለች።

“እንጃ። ቁጥር የተሳሳተ ሰው።”

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁንማ እናትየው “አቤት” እንኳን ሳትል አንስታ ዘጋችው። ደግሞ ሲጮህ እናትና ልጅ ተያዩ።

“የተሳሳተ ሰው እንዲህ ሙጭጭ አይልም” አለችና ልጅየዋ ተነስታ ራሷ አነሳችው።

ልጅ እንበላት እንጂ አርባን ያለፈች፣ የከተማ አውቶቡስ የምትነዳ ሴት ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ታናሽ ወንድሟ አፉን የፈታው “እታለም” ብሎ ስለነበር ሰፈሩም ጋራዡም በዚያው ቀጠለ። አባቷ ሊሆን የሚችለው የጋራዡ ዘበኛ እንኳ “እታለም፣ የኋላ ጎማሽ አየር ይፈልጋል” ይላታል።

ከወዲያ ማዶ የምትናገረው ሴት ድምፅ ረጋ ያለ ነበር። የምትደውለው ከሕፃናት ሆስፒታሉ ነው። ነርስ ናት፤ አሁን ግን የምትሠራው በልጅነታቸው ካንሰር ታመው የዳኑ ሰዎች ካደጉ በኋላ ጤናቸው እንዴት እንደሆነ ከሚያጠና ቡድን ጋር ነው።

“ወንድምዎን ፈልገን ነበር። ካርዱ ላይ ያገኘነው ስልክ ይሄ ብቻ ነው” አለች።

እታለም ወደ እናቷ ዞር አለች። እናትየው ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ራሷን ትነቀንቃለች፤ የለም በያት፣ አገር ጥሎ ሄዷል በያት ዓይነት።

“አለ” አለች እታለም። “ደህና ነው። ሊፍት ይጠግናል።”

ነርሷ “ተመስገን!” አለች፤ ለወጉ ያህል ሳይሆን እንደ ቅርብ ዘመድ፣ ከሆዷ። “ሁልጊዜ እንዲህ ያለ መልስ አይደለም የማገኘው። ለመሆኑ እርስዎ ምኑ ነዎት?”

“እህቱ። ታላቁ ነኝ።”

“አንድ ቤት ነው ያደጋችሁ?”

“አንድ ጡት ነው የጠባን።”

“እንግዲያው እርስዎንም እንፈልግዎታለን።”

“እኔን?” እታለም ሳቀች። “እኔ እኮ ምንም አልታመምኩም።”

“ስላልታመሙ ነው የምንፈልግዎት” አለች ነርሷ። ረጋ ብላም አስረዳቻት። የታመመውን ልጅ ብቻ ቢያዩት፣ ዛሬ ያለበት ድካም ወይም ደዌ ከዘር የመጣ ይሁን፣ ከኑሮ፣ ወይስ ከዚያ ዘመን መድኃኒት፣ መለየት አይቻልም። ያንኑ ማዕድ የቀረበ፣ ያንኑ ጣሪያ የተጠለለ፣ ግን መድኃኒቱ ያልነካው ሰው ከጎኑ ሲቆም ነው ልዩነቱ የሚታየው። “ያለ እናንተ ያለ እህትና ወንድሞቹ፣ ጥናታችን አንድ ዓይና ነው” አለቻት።

እታለም ስልኩን ዘግታ እዚያው ቆማ ቀረች። እናትየው ግን አልቆየችም።

“የነብርን ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም!” አለች። “እኛ ይዘን ነበር። እሱ ራሱ ለቀቀን። አሁን ምን ሊሆን ነው ደግሞ ሄደን የምንጎትተው?”

“እማዬ፣ ሊጠይቁን ነው እንጂ ሊያሳምሙን አይደለም።”

“እዚያ ቤት የገባ ሰው ጤነኛ ነህ ተብሎ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

በእነሱ ቤት ስለዚያ በሽታ አይወራም፤ ስሙን ያነሳ ሰው በሽታውን መልሶ እንዳይጠራው ይፈራ ነበር።

ወንድምየውን ሁሉም “ብረቱ” ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት። በስድስት ዓመቱ የደም ካንሰር ይዞት፣ ጸጉሩ እስከ ቅንድቡ ረግፎ፣ ከተኛበት አንሶላ መለየት እስኪያቅት ድረስ ነጥቶ፣ ከዚያ ሁሉ ተርፎ ከሆስፒታል የወጣ ለት “ልጄ ብረት ነው!” ብላ ለሰፈሩ አወጀች፤ ስሙም ተጣበቀ። ብረቱም አደገ፣ ሙያ ተማረ፣ ሚስት አገባ፣ ከብረት ጋር ውሎ ከብረት ጋር የሚያመሽ ሰው ሆነ። ሊፍት በቆመበት ሁሉ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚጠራው እሱ ነው።

በማግስቱ እታለም ፈረቃዋን ስትጨርስ እሱ ወደሚሠራበት ሕንፃ ሄደች። መሬት ላይ ያለው የሊፍት በር ላይ “ተበላሽቷል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በደረጃ ወጣች። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መሐል፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ላይ፣ ብረቱ የመሣሪያ ቦርሳው ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደብዝዟል፤ ግንባሩ በላብ ተነክሯል፤ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አየሩን እንደ ትኩስ ሾርባ በጥቂት በጥቂቱ ይስባል።

“ምን ሆነሃል?”

“ምንም” አለ እጁን ቶሎ እያወረደ። “ዕቃ እየጠበቅኩ ነው።”

“ዕቃው በደረጃ ነው የሚመጣው?”

“ምን ይደረግ፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል።”

ሳቋ አመለጣት፤ ግን ዓይኗ አልሳቀም። ወንድሟ እንዲህ ሲተነፍስ አይታው አታውቅም። አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

“ከመቼ ወዲህ ነው?”

“ኧረ ተይኝ እታለም። ሆድ አውጥቻለሁ፣ ያ ነው። ሰው ሲሸመግል ደረጃ ይረዝማል።”

“በሠላሳ ስድስት?”

እሷም የስልኩን ነገር አንድ ባንድ ነገረችው። ገና ሳትጨርስ ራሱን ነቀነቀ። “እኔና ያ በሽታ ተለያይተናል። እሱም በመንገዱ፣ እኔም በመንገዴ። የዚያ ቤት ኮሪደር ሽታ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬ ላይ ይመጣና ቁርሴን ይከለክለኛል። አልሄድም።”

“እሺ። እኔ ግን እሄዳለሁ።”

“አንቺ ደግሞ ምን አመመሽ?”

“ምንም ስላላመመኝ ነው የፈለጉኝ” አለችና ነርሷ ያለቻትን አስረዳችው። ከዚያ ራሷም ሳታስበው፣ “ታውቃለህ፣ ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ሆስፒታል ‘አንቺም ነይ’ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው” አለች።

ለቀልድ ነበር ያለችው። ብረቱ ግን አልሳቀም። የመሣሪያ ቦርሳውን ዚፕ ሲከፍትና ሲዘጋ ቆየ።

“ማን ይሄዳል አብሮሽ?”

“አውቶቡስ ነጂን ማን ያደርስሻል ይባላል እንዴ!”

“ማድረስ አላልኩም። አብሮሽ የሚቀመጥ ማለቴ ነው። እኔ ስታመም እማዬ ከአጠገቤ ተነስታ አታውቅም። አንቺ ስትመረመሪ ማን አለ?” ቀና ብሎ አያት። “እኔ አስታማሚ ሆኜ እሄዳለሁ። ልብ በይ፣ አስታማሚ ነኝ እንጂ ታማሚ አይደለሁም።”

“እሺ አስታማሚ። ግን ከሄድክ አይቀር ትመረመራለህ።”

“እናያለን” አለ፤ እናያለን ደግሞ በእሱ አፍ እሺ ማለት ነው።

የቀጠሮው ለት ጠዋት ሁለቱ ፌርማታው ላይ ቆመው ሳለ እናታቸው ከሩቅ ብቅ አለች፤ ለሠርግ ብቻ የምታወጣውን ጫማ ተጫምታ፣ ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ አቅፋ።

“ምነው እማዬ? አልሄድም አላልሽም?” አለ ብረቱ።

“ብልስ? ብቻችሁን ልስደዳችሁ?”

ሆስፒታሉ ቀለሙን ለውጧል። ድሮ አረንጓዴ የነበረው ኮሪደር አሁን ነጭና ሰማያዊ ሆኗል፤ ወንበሮቹ አዲስ ናቸው፤ ሽታው ግን ያው ነው፣ ብረቱም በሩ ላይ አንዴ ቆም ብሎ አፍንጫውን ያዘ። ነርሷ ከቢሮዋ ወጥታ ኮሪደር ድረስ ተቀበለቻቸው። አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እጇ የሚሞቅ ሴት ናት። የእናትየውን እጅ ጨብጣ ሳትለቅ፣

“እናቴ፣ ስልኩን የዘጉብኝ እርስዎ ነዎት አይደል?” አለቻት።

እናትየው መሬት ጠፋባት። “ይቅር በይኝ ልጄ፣ እኔ…”

“ኧረ ምንም አይደል! እርስዎማ ጨዋ ነዎት፣ ‘ተሳስተዋል’ ብለው ነው የዘጉት። ስሜን እየጠሩ የረገሙኝም አሉ። እኔም ወላጅ ነኝ፤ ይገባኛል።”

እናትየው ያኔ ነው ቦርሳዋን ከደረቷ ላይ አውርዳ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው።

ምርመራው ጊዜ ወሰደ። ደም ተቀዱ፤ ክብደትና ቁመት ተለኩ፤ የእጃቸውን ጉልበት የሚለካ መጭመቂያ ጨመቁ። ከዚያ ብረቱ ለልብ አልትራሳውንድ ወደ አንዱ ክፍል ሲገባ፣ እታለም ከነርሷ ጋር ሁለት ወንበርና አንድ አበባ ብቻ ወዳለባት ጠባብ ክፍል ገባች።

ነርሷ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ ደም ግፊቷ ጠየቀቻት። እታለምም እንደ ሾፌር ሁሉ ስለ ወገቧ አማረረች። ነርሷ ክንዷን ለማየት እጅጌዋን ሰብስባ፣ የግራ ክርኗን ስታጥፍና ስትዘረጋ፣ ክንዱ እስከ መጨረሻው አልቃና አላት።

“ይሄ መቼ ነው የተሰበረው?”

“ልጅ ሆኜ። ከአጥር ላይ ወድቄ።”

“በደንብ አልታሰረም።”

“ቶሎ አልተናገርኩም” አለች እታለም።

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። “ወንድምዎ እዚህ ተኝቶ ሳለ ነው?”

“አዎ።”

“ለመሆኑ፣ እናትዎ እዚህ ሲያድሩ፣ ያን ጊዜ እርስዎን ማን ነበር የሚያይዎት?”

ቀላል ጥያቄ ነበረች። ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ይህን ጠይቋት አያውቅም። ዘመድ ሲመጣ “እንዴት ነው ልጁ?” ይላል። አስተማሪዋ “ወንድምሽ ተሻለው?” ትላታለች። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሥራ በቀጥታ ሆስፒታል ሄዶ፣ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። “እሷማ ጤነኛ ናት” ይባል ነበር፤ ጤነኛ መሆንም እንደ ሥራ ተሰጣት፣ እሷም ሳትቀር ሳታረፍድ ሠራችው።

እታለም ነገረቻት። ከቤታቸው ቀጥሎ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ባል የሞተባት፣ ልጅ የሌላት። ማንም ሳይነግራት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ በሩ ላይ ጠብቃ “ነይ፣ ምሳሽን ብዪ” አለቻት። ከዚያ ወዲያ እታለም ውሎዋም አዳሯም ከስፌት መኪናው አጠገብ ሆነ። የቤት ሥራዋን በጨርቅ ቁራጭ መሐል ትሠራለች፤ መኪናው ሲንኳኳ እንቅልፍ ይወስዳታል። ክንዷ ሲሰበር ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ እናቷ ላይ ሌላ በሽተኛ መጨመር አልፈለገችም። ክንዷ አብጦ እጅጌዋ አልገባ ሲል ያየችው ያቺው ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷው ናት ሐኪም ቤት ወስዳ ያሳሰረችላት። እታለምም “ለእማዬ እንዳትነግሪ” ብላ አስማለቻት።

“እስካሁን እናትዎ አያውቁም?”

“አታውቅም። ልብስ ሰፊዋ ሸሚዜን ሁልጊዜ በረጅም እጅጌ ነበር የምትሰፋልኝ።”

“እርስዎ ብቻ አይደሉም” አለች ነርሷ። “ጤነኞቹ ሲመጡ፣ ያልታመሙት ሁሉ ያልተጎዱ አለመሆናቸውን እያየን ነው። ይሄም በጥናቱ ውስጥ ይገባል። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።”

እታለም ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። ደስታ ነው እንዳትለው እንባ፣ ሐዘን ነው እንዳትለው ቅልል ያለ ነገር ደረቷ ላይ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ግን እናቷ ቆማለች። ብረቱ ከገባበት ክፍል አልወጣም። የምትመረምረው ባለሙያ ወጥታ ሌላ ሐኪም ጠርታ ገብታለች። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጠበቁ።

ኋላ ሦስቱም የልብ ሐኪሙ ፊት ተቀመጡ። ሸምገል ያለ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነበር። ብረቱ ግን አልቻለም፤ ገና ሐኪሙ ሳይጀምር፣ “እታለም ልበ ቢስ ነህ ትለኝ ነበር፤ ይኸው ልብ እንዳለኝ በፎቶ ተረጋገጠልሽ” አለ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። “አለዎት። ግን ደክማለች።”

ሐኪሙ በቀላል ቋንቋ አስረዳቸው። ብረቱን ካዳኑት መድኃኒቶች አንዱ ቀይ ነበር፤ ልጆቹም “ቀዩ” ነበር የሚሉት። ካንሰሩን ያሸነፈው እሱ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ሰው ላይ፣ ስንት ዓመት ዘግይቶ፣ የልብን ጡንቻ ያደክማል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ሰውየው ውፍረት ነው፣ ዕድሜ ነው እያለ ይቆይና አንድ ቀን ይወድቃል። “እርስዎ አልወደቁም። በጊዜ መጡ። የሚረዳ መድኃኒት አለ። ደረጃና ከባድ ዕቃ ለጊዜው ይቅር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።”

“ሞተሩ ይዞራል፣ ጭነቱን ነው ያቃተው” አለ ብረቱ ቀስ ብሎ።

“እንደዚያ ይበሉት።”

እናትየው ግን የምትሰማው ሌላ ነገር ነበር። “እኔ ነኝ” አለች። “እጁን ይዤ ያስወጋሁት እኔ ነኝ። ‘አይ እማዬ፣ ቀዩን አይደለም’ እያለ ሲለምነኝ፣ ዝም በል ብዬ የያዝኩት እኔ ነኝ። መርዝ ነው ያጠጣሁት ልጄን።”

ብረቱ ከወንበሩ ተነስቶ እናቱ ፊት ቁጢጥ አለ፤ ይህችንም ሲያደርግ ትንፋሹ አጠር አለች። “እማዬ፣ እዪኝ። ያ መድኃኒት ባይኖር፣ ዛሬ የሚደክም ልብ ከየት ይመጣ ነበር? ልብ የሚደክመው የኖረ ሰው ነው። እኔ ኖርኩ። ሚስት አገባሁ። አንቺን እስካሁን አበሳጫለሁ። እጄን ባትይዢኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም።”

እናትየው ራሱን ወደ ደረቷ ስባ ጸጉሩን ዳበሰችው፤ አንድ ቀን ረግፎ የነበረውን ጸጉር።

ብረቱ ቀና ብሎ ወደ ሐኪሙ ዞረ። “ለመሆኑ ይሄን እንዴት አወቃችሁ? ቀዩ ልብ እንደሚያደክም?”

“ከእርስዎ በፊት ከመጡት ሰዎች” አለ ሐኪሙ። “ድነው፣ አድገው፣ ተመልሰው መጥተው ‘እዩን’ ካሉት። አንዳንዶቹ ዘግይተው ነው የመጡት፤ ለእነሱ አልደረስንላቸውም። ግን ከእነሱ የተማርነው ነው ዛሬ ለእርስዎ የደረሰው። አሁን እላይ ፎቅ ተኝተው ለሚታከሙት ልጆችም የቀዩ መጠን የተስተካከለው በእነሱ ነው።”

“ስማቸውን እንኳ አላውቅም” አለ ብረቱ። “እንዴት ነው የማመሰግናቸው?”

“በየዓመቱ በመምጣት” አለ ሐኪሙ።

ያን ለት ከሰዓት በኋላ ብረቱ ለሚስቱ ሊነግር ወደ ቤቱ ሄደ፤ እታለምና እናቷ ብቻቸውን ቀሩ። እናትየው የሠርግ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች፣ “አንቺስ? ምን አሉሽ?” አለች።

እታለም እንደ ልማዷ “ምንም፣ ደህና ነሽ አሉኝ” ልትል አፏን ከፈተች። አፏ ግን ሌላ ተናገረ። “ክንዴን ጠየቁኝ” አለች፤ ከአጥሩ ጀምራ ሁሉንም ነገረቻት።

እናትየው አላለቀሰችም፤ ያን ቀን እንባዋ አልቆ ይሁን፣ ወይም ነገሩ ከእንባ በላይ ሆኖባት። የልጇን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበችና ያን ጠመም ያለ አጥንት በአውራ ጣቷ ከላይ እስከ ታች ሄደችበት።

“ስታጥቢኝ፣ ስታጎርሺኝ የኖርሽበት ክንድ” አለች። “አላየሁትም። ልጄ፣ አላየሁሽም።”

“እማዬ፣ አንድ ዓይን ነበረሽ፤ እሱ ሲታመም በየት በኩል ታዪኛለሽ?”

“ይህስ ለእናት ምክንያት አይሆንም።”

“አልተቀየምኩሽም። ምሳዬን በልቻለሁ፣ ሙቅ ቦታ ተኝቻለሁ። የሚያስተኛኝ ሰው ነበረኝ።”

እናትየው እጇን ሳትለቅ “ያቺን ሴት አመስግኛት አላውቅም” አለች፣ ድንገት እንደ ነቃ ሰው። “ሰው ልጄን አሳድጎልኝ፣ እኔ ‘እግዜር ይስጥልኝ’ እንኳ አላልኩም። ቤት ስንቀይር በሩቅ እጄን አውለብልቤ ነው የሄድኩት። በሕይወት አለች?”

“አለች። በዓመት አንዴ ሁለቴ እሄዳለሁ እኔ።”

“እና ለእኔ ሳትነግሪኝ?”

“ብነግርሽ ክንዴን ልነግርሽ ነው።”

ብረቱ መድኃኒቱን ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ራሱን እያዞረው፣ ሚስቱ ቆማ ካላዋጠችው እየረሳ፣ ጥቂት አስቸገረ። ቀስ በቀስ ግን ለእነ እታለም ደብቆት የነበረው የእግሩ እብጠት ጎደለ፤ ሌሊት በሦስት ትራስ ተደግፎ መተኛት ተወ። አለቃው ሐኪሙ የጻፈውን አይቶ ደረጃ ከመውጣት አሳረፈውና የወረዱ ሞተሮች የሚፈቱበት ወርክሾፕ ውስጥ አስቀመጠው። እሱ ግን በመቀመጡ እያፈረ፣ ጠረጴዛው ላይ ክኒኑን ሲውጥ ላየው ሁሉ “ብረትም ይዝጋል፤ ዘይቴን እየተቀባሁ ነው” ይላል።

ሁለተኛው የልብ ምርመራ ጥሩ ዜና ይዞ መጣ። ልቡ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችም፤ ላትመለስም ትችላለች። ግን መውረዷን ትታ ትንሽ ከፍ ብላለች። ሐኪሙ “በርቱ” ብሎ እጁን ሲጨብጠው፣ ብረቱ ወንድ ልጅ እንደተወለደለት ሰው እየሳቀ ነው የወጣው።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀን ሦስቱም ተያይዘው ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄዱ። ሴትዮዋ አሁን አርጅታለች፤ ከእህቷ ልጅ ጋር አንድ ጸሐያማ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ስፌት መኪናዋ ግን አጠገቧ ነው፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። እናትየው መንገዱን ሙሉ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ በሩ ላይ ጠፍቶባት፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ስትል አሮጊቷ ክንዷን ያዘች።

“ኧረ ምነው! ምን ሆነሽ ነው?”

“ልጄን ያሳደግሽልኝ” አለች እናትየው። “ክንዷን ያሳሰርሽላት። እኔ እናት ነኝ ብዬ ስኩራራ፣ ለካ ግማሹን የወለድሽልኝ አንቺ ነሽ። አሁን ነው የሰማሁት።”

አሮጊቷ ወደ እታለም ዞረች። “ነገርሻት? እኔማ አስምለሽኛል ብዬ፣ ምስጢርሽን ይዤ ልቀበር ነበር።” ከዚያ እናትየውን ከአጠገቧ አስቀመጠቻት። “ስሚኝ እህቴ፣ ምስጋናው ተገላብጦ ነው የመጣው። ባሌ በሞተ ሰሞን ቤቴ ዋሻ ነበር። ለማን ብዬ ልነሳ፣ ለማን ብዬ እሳት ላንድድ? ያቺ ልጅ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ስትጥል ነው ቤቴ ቤት የሆነው። ለእሷ ስል በላሁ፣ ለእሷ ስል ተነሳሁ። እኔ ነኝ ላንቺ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ያለብኝ።”

ይህን እታለም ሰምታው አታውቅም። ዘመኗን ሙሉ የተጠለልኩ ሸክም ነበርኩ ብላ ነው የምታስበው፤ አንድ ሰው በእሷ ምክንያት ከአልጋ ይነሳ እንደነበር አልገመተችም። የአሮጊቷን በመርፌ የሻከረ ጣት ይዛ ተቀመጠች።

“ያ የታመመው ልጅስ?” አለች አሮጊቷ በደከመ ዓይኗ ክፍሉን እየቃኘች። “ዛሬም አላመጣችሁትም እንዴ?”

“ኧረ እማማ፣ እዚህ ነኝ!” አለ ብረቱ ከበሩ ሥር። “ልቤ ትንሽ ደከመች እንጂ አለሁ።”

“ወይ ጉድ! ይሄ በሩን የሞላው ሰውዬ?” ሁሉም ሳቁ፤ አሮጊቷም ሳቀች፤ አጠገቧ አስቀምጣ ጉንጩን በመዳፏ እየነካካች ስለ ልቡ አንድ ባንድ አስወራችው።

ሲመለሱ የተሳፈሩበትን አውቶቡስ የሚነዳው የእታለም ባልደረባ ነበር። “ዛሬ ደግሞ ተሳፋሪ ሆንሽ?” አላት በመስታወቱ እያየ። “ዛሬ ባለ ተራ ነኝ” አለችው። እናትየው የመስኮቱን ወንበር ለልጇ ለቃ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ብረቱ ከፊታቸው ቆሞ የጣሪያውን መያዣ ያዘ። ተቀመጥ ቢሉት፣ “ልቤን እያሠራኋት ነው፣ ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ ብሏል” ብሎ እምቢ አለ።

መንገዱ በሰው ተሞልቶ አውቶቡሱ በቀስታ ይሄዳል። እታለም ሌላ ሰው ሲነዳ ፍሬን ከእሱ ቀድማ በእግሯ የምትረግጥ ሰው ናት፤ ዛሬ ግን እግሯ አልተንቀሳቀሰም። ከሁለተኛው ፌርማታ በኋላ ራሷ ወደ እናቷ ትከሻ አዘነበለ፤ አፏን ከፈት አድርጋ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳት።

“ቀስቅሷት፣ ፌርማታችሁ ቅርብ ነው” አለ የሚነዳው ባልደረባዋ።

“ተዋት” አለች እናትየው፣ ትከሻዋን ሳታንቀሳቅስ። “ዙር። ሌላውን ዙር እንሄዳለን።”